አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ከነዶሮው

ሰው ሩጫ የሚጀምረው በእግሩ ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል! ሩጫ የሚጀመረው በአፍ ነው። እግር ወሬውን ዘግይቶ ነው የሚሰማው... አንዳንዴም ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። የእኔ ይባስ ብሎ የተጀመረው በሌላ ሰው አፍ ነው። ስለዚህ ነገሩ ኋላ እንዳያከራክረን፣ ያ አፍ በተከፈተበት ሰዓት የነበረውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ልቁጠርላችሁ።

አንደኛ፣ እትዬ ጥሩነሽ፤ የሱቄ አከራይ። በሩ ላይ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለተኛ፣ ጋሽ ደምሴ፤ ከጎኔ ያሉት ልብስ ሰፊ። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነው፤ ሲተኙም የሚያወልቁት አይመስለኝም። ሦስተኛ፣ ሰይድ በርበሬ ነጋዴው፤ ቆሟል፤ እያስነጠሰ። አራተኛ፣ ሙሉጌታ፤ ባጃጅ ነጂ፣ ጓደኛዬ፣ ማንም ሳይሾመው አሰልጣኜ። አምስተኛ፣ እኔ ጌታነህ፤ ሰዓት ጠጋኝ፤ ሁለት እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጫለሁ። ቦታው ደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሁለት ሰው ሲገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቀርባት ሱቄ ናት። ቀኑ ግን የደስታ ነበርና ተጠጋግተን አምስታችንም ገባን።

ደስታው ምን መሰላችሁ? ያን ዕለት ጠዋት በሕይወቴ የመጀመሪያውን ውድድር ጨርሻለሁ። አሥር ኪሎ ሜትር! አንድ ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት ሰከንድ። ከኋላዬ ሦስት ሰዎች ነበሩ። (ሦስተኛው የአምቡላንሱ ሾፌር ነው፤ ግን እሱም ሰው ነው፤ ከኋላዬም ነበር።)

ሰዓት መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም። እየፈታሁ መግጠም እስኪያቅተኝ፣ ቀጥሎም እስኪሆንልኝ ድረስ ብቻዬን ነው የተማርኩት። ሩጫንም እንደዚያው። ብዙ አላወራም፤ የማስበውን በደብተር እጽፋለሁ። እግሬን ነክሬም ሳለ፣ ሌሎቹ ሜዳሊያዬን እየተቀባበሉ ሲመዝኑ፣ እኔ አዲስ ግቦቼን እጽፍ ነበር። ሦስት ናቸው፤ ቃል በቃል እነሆ፦

"አንድ፦ ነገ ያለ ሰው እርዳታ ከበርጩማ መነሣት።

ሁለት፦ እስከ ፋሲካ አሥሩን ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በታች መሮጥ።

ሦስት፦ አንድ ቀን፣ ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ አንድም እርምጃ ሳልራመድ መሮጥ።"

"አንድ ቀን" የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ከሥሯ ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ። የዛሬ አሥር ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ሃያም ሊሆን ይችላል። ሙሉጌታ ግን ደብተሩን ከእጄ መንጭቆ፣ አንደኛውን ዘሎ፣ ሁለተኛውን ዘሎ፣ ከሦስተኛውም "አንድ ቀን"ን ዘሎ፣ መናኸሪያ እንደሚጣራ ረዳት ጮኾ አነበበው።

"ስሙ! ስሙ! ከደብረ ብርሃን አንኮበር አንድም እርምጃ ሳልራመድ መሮጥ!"

 መጀመሪያ ያገገሙት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው።

"መቼ ነው የምትሄደው?"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ... ግብ ነው።"

"ይሁን፤ መቼ ነው?"

"አንድ ቀን..."

"ለገና እንዲደርስ አድርገው። ለአስካለ የምልከው ዶሮ አለኝ።"

እትዬ አስካለ አንኮበር የሚኖሩ ታላቅ እህታቸው ናቸው። የሀገራችሁን ሰው መቼም ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው የሆነ ቦታ እሄዳለሁ ካለ፣ ለምን እንደሚሄድ የሚጠይቀው የለም። በእግር ይሂድ፣ በአህያ ይሂድ፣ በክንፍ ይሂድ ግድ የለውም። ሰው ከሄደ ዕቃ አብሮት ይሄዳል! እኔ ግብ አወጣሁ ብዬ ሳስብ፣ ለካ ጉዞ ነው ያወጅኩት።

"አንኮበር ዶሮ የለም እንዴ?" አልኩ፤ ቀስ ብዬ።

"ሞልቷል። የአንኮበር ዶሮ ግን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ስለሚውል ሥጋው ገመድ ነው። የእኔ ሜዳ ላይ ያደገ ነው።"

ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲያው አንኮበር ላለው ደንበኛዬ፣ ለመምህሩ፣ ሱሪውን ታደርስልኛለህ። ጥቁር ሱሪ ነው። ታዲያ እንዳታጥፈው! ከተጨማደደ ስሜ ነው የሚጨማደደው። አንገትህ ላይ ጣል አድርገው።"

ሰይድ አስነጠሰና ወጣ። ተመለሰ። የሚዛን ብረት ይዟል።

"ይቺን አንኮበር ገበያ ላለው ወንድሜ። ተውሼው ዓመት አለፈኝ፤ አማና ነው፣ የሰው አደራ፤ አላህ ይጠይቀኛል።"

"ሰይድ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው!"

"አንድ ኪሎ ብቻ ነው።"

"አንድ ኪሎ ብቻ ለመሆኑ በምን አውቃለሁ?"

"አንተ ሰውዬ! ኪሎው ራሱ እኮ ነው!"

"ለምን በመኪና አትልኩትም?" አልኩ፤ በመጨረሻ አቅሜ።

ሦስቱም በአንድ አፍ፦ "ሰው እያለ?!"

እምቢ ማለት ነበረብህ ትሉኝ ይሆናል። እኔ እምቢ የምትለዋን ቃል ከሆዴ አውጥቼ ጉሮሮዬ እስካደርሳት ድረስ ዕቃው እጄ ላይ ነው። በዚህ ዓይነት የሃያ ዓመት ሕልሜ በአንድ ቁጭታ የአሥራ አንድ ሳምንት ቀጠሮ ሆነ።

ልምምዱን አላስረዝምባችሁም። የገና ጾም ሲገባ በሽሮ ሮጥኩ። ሽሮው ሲያልቅ በድንች ሮጥኩ። ሙሉጌታ ከነተሳፋሪው በባጃጅ ከጎኔ እየሄደ "ጉልበት! ጉልበት!" ይለኛል፤ ተሳፋሪዎቹም አብረው ያሠለጥኑኛል። አንዲት ሽንኩርት የጫኑ እናት ሲወርዱ እንኳ ዘወር ብለው "ትከሻህን ዝቅ አድርግ፣ አንተ ልጅ!" አሉኝ። (እውነታቸውን ነው፤ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል።) ዶሮውም ድንገት እንዳይደነግጥ ብዬ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በዘንቢል አዝዬው ሮጥኩ። መጀመሪያ ጮኸ። ቀጥሎ ዝም አለ። በስድስተኛው ሳምንት እኔ ሳለከልክ እሱ ጀርባዬ ላይ ያሸልብ ጀመር።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አለመራመድ። ለመሆኑ መራመድ ምንድን ነው? አስቡበት! እኔ አስቤበታለሁ። መራመድ ማለት ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ እግር መሬት ላይ ሲኖር ነው። መሮጥ ማለት ሁለቱም እግሮች ለቅጽበት እንኳ ቢሆን ከመሬት ሲለቁ ነው። ፍጥነት በውስጡ የለበትም። ሰው ባለበት ቦታ እየዘለለም ሩጫ ላይ ነው። ይህንን በደብተሬ ጽፌ፣ ቀን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። አንድ እርምጃ ከተራመድኩ ግቡ ፈረሰ፤ ካልተራመድኩ ተሳካ። መሐል የሚባል ነገር የለም።

ገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ልክ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ጀርባዬ ላይ ዶሮ፤ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም፤ አንገቱ ከዘንቢሉ ወጥቶ መንገዱን ያያል። አንገቴ ላይ ጥቁር ሱሪ፤ አንዱ እግሩ በቀኝ፣ አንዱ እግሩ በግራ ደረቴ ላይ ወርዷል። እጄ ላይ ብረት፤ በየኪሎ ሜትሩ ከቀኝ ወደ ግራ አዛውረዋለሁ። ስልኬን ግን ለሙሉጌታ ሰጠሁት። መቶ ሰማንያ ሁለት ግራም ነው፤ አላስፈላጊ ክብደት መሸከም አልፈለግኩም። (አትሳቁ!)

ሙሉጌታ እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘኝ። "የባጃጅ ፈቃዴ እስከዚህ ነው" አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "አደራ... ትከሻህን!"

የመጀመሪያውን አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ስለ ጤንነቴ ከማሰብ በቀር ምንም አልሆንኩም። አሥራ ዘጠነኛው ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ገብስ ከሚወቁበት አውድማ አንድ ሽማግሌ መንሻቸውን ይዘው ወደ መንገዱ ወጡ። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ጋቢ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተዋል። ኋላ ስማቸውን አወቅኩ፤ አያ በላቸው ይባላሉ።

"ቁም እስቲ፣ ልጄ!"

መቆም አልችልም። ሽማግሌ ጠርቶኝ ማለፍም አልችልም። ስለዚህ በደብተሬ አንቀጽ መሠረት ባለሁበት እየዘለልኩ ሰላምታ ጀመርኩ።

"ደህና... አደሩ... አባቴ? ከብቱ... ደህና ነው? አዝመራው... እንዴት ነው?"

አያ በላቸው እግሬን አዩ። መሬቱን አዩ። "ያቃጥልሃል እንዴ?"

"የለም፣ እየሮጥኩ ነው።"

"ወዴት?"

"አንኮበር።"

"ማን ዘንድ?"

"እትዬ አስካለ ቤት። ከገበያው በላይ።"

"አስካለ! የልጄ ክርስትና እናት! ማን ልኮህ?"

"እህታቸው፣ እትዬ ጥሩነሽ።"

አያ በላቸው አንገቴ ላይ ያለውን ጥቁር ጨርቅ አዩት። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ጥሩነሽ... ደህና ናት?"

"በጣም ደህና ናቸው!"

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እዚህ ላይ እናንተ ከእኔ በፊት የገባችሁ ይመስለኛል። እኔ የገባኝ ከሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር በኋላ ነው! በሀገራችን መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ባለሐዘኑ እህል መቅመሱ ተረጋግጦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። እስከዚያ መርዶ የያዘ ሰው ምን ብለው ቢጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ "ሁሉም ደህና ነው።" እንግዲህ በጠዋት፣ ጥቁር አንግቶ፣ እያለከለከ፣ የሚያሳድደው ሳይኖር አገር ለአገር የሚሮጥ ሰው "በጣም ደህና ናቸው!" ሲል... እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

"እውነቱን ንገረኝ" አሉ፤ "ታማ ነበር?"

"ኧረ ምን በወጣቸው! ትናንት ማታ እንኳ ይሄን ዶሮ ግቢውን ሙሉ ሲያባርሩ ነበር!"

"ድንገተኛ ነው በለኛ..." አሉና እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። "በል፣ ብቻህን አትነግራትም። ሽማግሌ ያስፈልግሃል። ቅደም፣ ተከትዬሃለሁ።"

እኔ የመሰለኝ ምንድን ነው? ደግ ሽማግሌ አገኘሁ፤ ለእትዬ አስካለ የዶሮውን ነገር አብረውኝ ሊያስረዱ ነው፤ ሩጫም ይወዳሉ። ያናደደኝ ሌላ ነው። እኔ እሮጣለሁ። አያ በላቸው በቦቲ ጫማ ይራመዳሉ። እኩል ነን! አንድ ኪሎ ሜትር፣ እኩል። አምስት ኪሎ ሜትር፣ እኩል። ዳገት ላይ እንዲያውም ቆም ብለው ይጠብቁኛል። እየተራመዱም ስልክ ይደውላሉ፤ ሳያለከልኩ! ለሦስት ሰው ሲደውሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ምን እንደሚሉ ነፋሱ ቢወስድብኝም የሁሉም ማሳረጊያ አንድ ነበር፦ "ለማንም እንዳትናገር!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማመን ያቅታችኋል። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሰው መንገድ ዳር ቆሟል። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል፤ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። አንዲት ሴት ምንም ሳትናገር በጣሳ ውኃ ሰጠችኝ። የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ከኋላዬ መጣ፤ ሾፌሩ ዘፈኑን ዘጋ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ በቀስታ አለፈኝ። በአሥሩ ኪሎ ሜትር ውድድር እንዲህ ያለ ክብር አይቼ አላውቅም! ከደብረ ብርሃን ሮጬ እንደመጣሁ ሰምተው ነው ብዬ ልቤ ሞላ። ፈገግ አልኩ። ብረቱን ወደ ግራ አዛውሬ ቀኝ እጄን አወዛወዝኩላቸው።

"ውይ፣ ልቡን እንዴት አጽንቶታል!" አለች አንዷ።

ልክ ስድስት ሰዓት ከአሥራ አንድ ላይ የመጨረሻውን ዳገት ወጣሁ። እግሬ የእኔ መሆኑ ቀርቷል። ዶሮው ነቅቶ ጮኸ። የእትዬ አስካለ ቆርቆሮ ቤት፣ እትዬ ጥሩነሽ እንደነገሩኝ አረንጓዴ በር ያለው፣ ከፊቴ ታየ። ኀምሳ ሜትር! አርባ ዘጠኝ! አርባ ስምንት!

"ያዙት! እንዳይገባ!"

ከጎረቤት የድንጋይ ካብ ጀርባ ሁለት ሽማግሌዎች ዘለው ወጡና መንገዱን ዘጉብኝ። ዘወር ብዬ ካቡን ሳይ፣ ከጀርባው አርባ የሚሆን ሰው ቁጢጥ ብሎ ተደብቋል። የእድሩ ድንኳን ተጠቅልሎ ተኝቷል። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ትልልቅ ድስቶች አሉ። ሁሉም አንድ ላይ "ሽሽሽ!" አሉኝ።

ባለሁበት መዝለል ጀመርኩ። "ምንድን ነው?"

"እስከ ነገ ጎህ እዚህ ቁጭ በል" አሉ አንደኛው፤ ባሻ ጌጤ ይባላሉ። "ያን ጊዜ አብረን እንገባለን።"

"ቁጭ?! አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጬ፣ አርባ ስምንት ሜትር ሲቀረኝ ቁጭ?!"

"ልጄ፣ ሐዘን ነው፤ ያንቀጠቅጣል። ቁጭ ብትል ይሻልሃል።"

"የምን ሐዘን? ማን ሞተ?"

"እሱንማ የምታውቀው አንተ ነህ!"

ያን ጊዜ ገባኝ። ጥቁሩ ሱሪ፣ ባርኔጣው፣ የተዘጋው ዘፈን... ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። "ማንም አልሞተም!" ብዬ ጮኽኩ።

"ጎሽ!" አሉ አያ በላቸው፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው። "እንደሱ በል። እስከ ነገ ጠዋት እንደሱ በል።"

"እውነቴን ነው! ዶሮ ነው የላኩኝ! ለገና!"

ከካቡ ጀርባ ክርክር ተነሣ። "የሞተ ሰው ዶሮ ይልካል እንዴ?" አለ አንዱ። "ሳትሞት በፊት ልካው ይሆናል" አለ ሌላው። "ደውለን ለምን አናጣራም?" አለች አንዲት ወጣት። ሁሉም በትዝብት አዩዋት። "የሞተ ሰው ስልክ ላይ ማን ይደውላል!"

እኔ እየዘለልኩ ነው። ከዚህ በኋላ ለስንት ደቂቃ መዝለል እንደምችል በልቤ አሰላሁ፤ ሁለት ወጣኝ። ስለዚህ በሕይወቴ ያላደረግኩትን አደረግኩ፤ ሽማግሌ ጥሼ ሮጥኩ! በሩ ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ አያ በላቸው በቀኝ ብብቴ፣ ባሻ ጌጤ በግራ ብብቴ ያዙኝ። እኔ ወደፊት፣ እነሱ ወደኋላ። ዶሮው ወደላይ። ካቡ ጀርባ የነበረው ሰው ሊገላግል ሮጦ ሲደርስ ሁላችንም ተያይዘን ወደፊት ተገፋን። በአረንጓዴው በር ገብተን እትዬ አስካለ ፊት ተዘረገፍን። ከተያዝኩበት እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ በኋላ ተመልሼ ለክቼዋለሁ።

እትዬ አስካለ ሳህን ይዘው ቆመዋል።

"እናንተ ሰዎች ምን ነካችሁ?!" አሉ። "ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ሰፈር ሁሉ ብዪ ብዪ እያለ ሊገድለኝ ነው! አንዷ ሽሮ ይዛ ትመጣለች፣ አንዷ ዱባ ይዛ ትመጣለች! ምን..." አሉና ቆሙ። ከኋላችን የተደረደሩትን አርባ ራሶች አዩ። የድንኳኑን እንጨት አዩ። አንገቴን አዩ።

ሳህኑ ከእጃቸው ወደቀ።

"ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከደብረ ብርሃን። ግን..."

"ጥሩዬ!" አሉ፤ እጃቸው ራሳቸው ላይ ወጣ። "ጥሩዬ እህቴ!"

እስከዚህ እየሳቃችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ እኔም ቀልዴ የጠፋኝ እዚህ ላይ ነው። ያንን ፊት አየሁት። ስለ ግብ፣ ስለ እርምጃ፣ ስለ ደብተር ማሰብ ተውኩ። "ደህና ናቸው" ልል አፌን ከፈትኩና፣ ይሄ ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ትዝ ብሎኝ መልሼ ዘጋሁት። እውነት ተናግሮ ሰው የሚያስለቅስ ከእኔ ሌላ ማን ይኖራል?

ስልክ ጠራ። ከእትዬ አስካለ መቀነት ውስጥ ነው። አውጥተው አዩት። 

"ጥሩዬ ናት..." አሉ።

አርባው ሰው በአንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ባሻ ጌጤ አማተቡ። "አታንሺው!" አለ አንዱ። እትዬ አስካለ ያገኙትን ቁልፍ ሁሉ ሲነካኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ሆኖ ተከፈተ።

"ሃሎ! አስካለ! ያ ልጅ ደረሰ ወይ?"

እትዬ አስካለ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ሃሎ! አልደረሰም እንዴ? ስድስት ሰዓት አለፈ እኮ! እንዴት ያለ ዘገምተኛ ነው! ዶሮዬን በጾም በልቶብኝ እንዳይሆን!"

"ጥሩዬ... አለሽ?"

"የት እሄዳለሁ?!"

ከዚያ በኋላ የነበረውን እልልታ እዚህ ጽፌ አልጨርሰውም። ድንኳኑ ከወጣ አይቀር ተብሎ ተተከለ። ወንበሩ ከመጣ አይቀር ተብሎ ተደረደረ። ሽሮውና ዱባው ተበላ። አያ በላቸው አጠገቤ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

"እሺ፤ ማንም ካልሞተ... ያሳደደህስ ነበር?"

"አልነበረም።"

"የጠፋ ከብት አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ለምን ሮጥክ?"

"ግብ አውጥቼ ነው።"

ድንኳኑ ጸጥ አለ። በመርዶውም ጊዜ እንደዚያ ጸጥ አላለም። ሰው በሞት ምክንያት መሮጡን ያለ አንድ ማስረጃ ያመነ ሕዝብ፣ ሰው ዝም ብሎ መሮጡን ግን በዓይኑ እያየ ማመን አቃተው። እትዬ አስካለ ቀስ ብለው መጥተው ጋቢ ትከሻዬ ላይ ደረቡልኝና ሳህኔን እንደገና ሞሉት።

"ብላ፣ ልጄ" አሉ፤ በሚያሳዝን ድምፅ። "ብላ።"

ዕቃውን ሁሉ አደረስኩ። መምህሩ ሱሪውን ለክቶ "በሁለት ጣት ያጥረኛል፤ ለጋሽ ደምሴ መልስልኝ" አለ። የሰይድ ወንድም ብረቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና "የእኔ ባለ ሁለት ኪሎው ነው፤ ይሄ የሰው ነው፤ መልስለት" አለ። እትዬ አስካለ ለእህታቸው አንድ ኩንታል ለመሙላት ጥቂት የቀረው ድንች ሰጡኝ። በመኪና ተመለስኩ። ከሄደው ሁሉ አንኮበር የቀረው ዶሮው ብቻ ነው፤ እሱም ለሁለት ቀን።

ሱቄ በር ላይ እትዬ ጥሩነሽ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሞተው እንደነበር ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ብዙ ሰው መጣ?" አሉ። አርባ አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከዚያም ወዲያው፦ "ቀጥሎስ ወዴት ነህ? ሰላ ድንጋይ የአክስቴ ልጅ አለች።" ጋሽ ደምሴ ከሱቃቸው አንገታቸውን አወጡና "ደነባ ደንበኛ አለኝ!" አሉ። ሰይድ አስነጠሰ፤ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁት፤ ደግሞ ምን ሊያመጣ እንደሆነ አላህ ይወቅ። እኔ ደብተሬን ሰዓት በምቆልፍበት ሣጥን ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሦስተኛው ግብ አጠገብ እስካሁን ምልክት አላደረግኩም። እስከተያዝኩበት ድረስ አለመራመዴን እምላለሁ። ቀሪዎቹ አሥራ አንድ እርምጃዎች ግን... ሮጥኳቸው? ተራመድኳቸው? ወይስ በብብቴ ተንጠልጥዬ ተሸክመውኝ ገቡ? እኔ ያን ጊዜ ወደታች አላየሁም። አያ በላቸው በስልክ "እግርህ መሬት አልነካም" አሉኝ። ባሻ ጌጤ ደግሞ "ኧረ ጣቶቼን ረግጦኛል!" ይላሉ። ሁለቱም የሚዋሹ ሰዎች አይደሉም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ያን ዕለት ከካቡ ጀርባ የነበራችሁ አርባ ሰዎች፣ ይህን ካነበባችሁ የማላውቀውን ጨምሩልኝ። ከመሐላችሁ ወደ እግሬ ያየ ማን ነው? ቀኙ ነው ግራው የቀደመው? ሁለቱም ለቅጽበት ከመሬት ለቀው ነበር? የተሸከማችሁኝ ከሆነም ሳታፍሩ ንገሩኝ። አንድ ማለዳ ብቻዬን መጥቼ አሥራ አንዷን እርምጃ ሮጬ እመለሳለሁ።

ብቻ እንደምመጣ ለእትዬ ጥሩነሽ አትንገሩብኝ።